ከዴቪ ፋኖስ እስከ ቲ6፦ የትኩስ ገጽ ታሪክ

ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የታረመ



የዛሬው ገለጻዬ ከእጅ መዳፍ ከማይበልጥ አንድ የብረት ሰሌዳ ይነሣል። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ከትምህርት በወጣሁበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ማሟሟቻ ፈሳሽ በሚቀመጥበት ክፍል የሚሠራ ሞተር እንድመረምር ተላክሁ። ሞተሩ ተቃጥሎ፣ በአንድ ወርክሾፕ እንደገና ተጠምጥሞ፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ አምሮበት ተመልሷል። ቀለሙ ግን የሞተሩን አካል ብቻ አልሸፈነም፤ ቴክኒሻኖቻችን ኔምፕሌት የሚሉትን የመረጃ ሰሌዳም አብሮ ሸፍኖታል። በቢላ ጫፍ ስፍቀው በመጀመሪያ የቮልቴጁና የኃይሉ ቁጥሮች ብቅ አሉ፤ በሰሌዳው ጥግ ደግሞ አንድ ፊደልና አንድ አኃዝ ታዩ፦ ቲ3። አብረውኝ የነበሩትን አንጋፋ ቴክኒሻን፣ «ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱ የሠሪዎቹ ምልክት ነው ልጄ፤ ለእኛ ሥራ አያስፈልግም» አሉኝ። እኔም ከእርሳቸው የተሻለ አላውቅም ነበርና፣ ሞተሩ ይሠራል ብዬ ፈርሜ ተመለስሁ።

ክፍሉ አልፈነዳም። ይህን የምናገረው ግን ለመጽናናት አይደለም፤ አለመፈንዳቱ የእኔ ዕውቀት ውጤት እንዳልነበረ ለመመስከር ነው። ያ ምልክት ምን እንደሚል ለማወቅ ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብሁ። ባነበብሁ ቁጥር የተረዳሁት፣ ምልክቱ የሠሪዎቹ የፋብሪካ ቁጥር ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ፣ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት የአስተሳሰብ ታሪክ ማጠቃለያ መሆኑን ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያን ታሪክ ነው። በገለጻው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ የሙቀት መጠኖቹም በሴንቲግሬድ መሆናቸውን በቅድሚያ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ምልክቱ የሚለውን በቀጥታ ልናገር። ቲ3 ማለት፣ «ይህ መሣሪያ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው የአየር ሙቀት ውስጥ፣ በተፈቀደለት አሠራር ሲሠራ፣ በዙሪያው ያለው ጋዝ ሊነካው የሚችለው ማንኛውም ገጹ ከ200 ዲግሪ አያልፍም» ማለት ነው። ሰሌዳው ስለ አየሩ ሙቀት ዝም ካለ፣ የታሰበው ከዜሮ በታች 20 እስከ ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ያለው አየር ነው። ልብ በሉ፦ ዐረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ኪዳንና ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ቃል ኪዳኑ 200 ዲግሪ ነው፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ የአየሩ ሙቀትና የአሠራሩ ሥርዓት ናቸው። አንዱ ቅድመ ሁኔታ ሲፈርስ ቃል ኪዳኑም አብሮ ይፈርሳል።

ተቀጣጣይ ጋዝ ከአየር ጋር በተቀላቀለበት ቦታ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እሳት ሊያስነሣ የሚችልባቸው ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከመሣሪያው ውስጥ አፈትልኮ የሚወጣ ነበልባል ነው። ሁለተኛው ብልጭታ ነው። ሦስተኛው ትኩስ ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለዓይን ይታያሉ፤ ሦስተኛው ድምፅም ብርሃንም የለውም። 200 ዲግሪ የሞቀ ብረት በመልኩ ከቀዝቃዛው አይለይም። የሰው ልጅ ጥንቃቄውን ከሚታየው መጀመሩ አያስደንቅም፤ ታሪካችንም የሚጀምረው ከነበልባል ነው።

ግንቦት 25 ቀን 1812 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በጌትስሄድ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የፌሊንግ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። የአጥቢያው ቄስ ጆን ሆጅሰን የአደጋውን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ፤ በተከታዩ ዓመትም በሰንደርላንድ የማዕድን አደጋን ለመከላከል የቆመ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ1815 የታወቀውን ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪን ለእርዳታ ጠራ። በዚያው ወቅት ሐኪሙ ዊልያም ክላኒና መካኒኩ ጆርጅ ስቲቨንሰንም በየፊናቸው የፋኖስ ሙከራ ያካሂዱ ነበር። ዴቪ በመጨረሻ ያቀረበው መፍትሔ ነበልባሉን በጥሩ የሽቦ ወንፊት መክበብ ነው። ነበልባሉ በወንፊቱ ቀዳዳ ሊያልፍ ሲሞክር ብረቱ ሙቀቱን ይነጥቀዋል፤ ከውጭ ያለው ጋዝም ለመቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አይደርሰውም።

ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። እኔ ግን ከዚያው ጥናት ብዙ ጊዜ የማይነሣውን ክፍል ላነሣ እወዳለሁ። ዴቪ ፋኖሱን ከመሥራቱ በፊት ጋዙን ራሱን መርምሮ ነበር። የጋለ ከሰልና የጋለ የብረት ዘንግ እያቀረበ የትኛው ጋዝ በምን ያህል ትኩሳት እንደሚያያዝ ፈተነ። የማዕድን ጉድጓዱ ጋዝ፣ ማለትም በዋናነት ሚቴን፣ በቀላሉ የማይቀጣጠል ሆኖ አገኘው፤ ፍም መስሎ የቀላ ብረት እንኳ አላያያዘውም። ሃይድሮጅን ግን ብረቱ መቅላት በጀመረበት በዝቅተኛው ደረጃ ተያያዘ። ዛሬ ኤቲሊን የምንለው ጋዝና ካርቦን ሞኖክሳይድም ከሚቴን ይልቅ በቀላሉ ተቀጣጠሉ። ቴርሞሜትር ሊለካው በማይችለው ትኩሳት፣ በብረት ቀለም ብቻ እየመዘነ፣ ዴቪ ጋዞችን በትኩስ ገጽ ፊት በቅደም ተከተል አሰለፋቸው። የሙቀት ደረጃ ዘር የተዘራው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ግኝት አንድ ነገር ይከተላል። የዴቪ ፋኖስ ጋዝ በበዛበት ቦታ ሲገባ ጋዙ በወንፊቱ ውስጥ ይነድዳል፤ ወንፊቱም ራሱ ይግላል፣ ይቀላል። ፋኖሱ እንዲህ ሆኖም ፍንዳታ ሳያስነሣ ሊቆይ የቻለው፣ ውጪ ያለው ጋዝ ሚቴን በመሆኑና ሚቴን በቀላ ብረት በቀላሉ ስለማይያያዝ ነው። ስለዚህ ደኅንነቱ የወንፊቱ ብቻ ሳይሆን የጋዙም ጠባይ ነበር። በሌላ ጋዝ መካከል ቢሆን ያው ወንፊት ራሱ ክብሪት በሆነ ነበር። ይህ ልዩነት በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ለተግባር አያስፈልግም ነበርና ለብዙ አሥርት ዓመታት ተኛ።

ኤሌክትሪክ ወደ ጉድጓድ ሲገባ ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ አሁንም በቅድሚያ የተፈራው የሚታየው ነው። በጀርመን የማዕድን መሐንዲሱ ካርል ባይሊንግ በጌልዘንኪርሸን የሙከራ ጣቢያ ከ1903 እስከ 1905 ባሉት ዓመታት የኤሌክትሪክ ሞተሮችንና ማብሪያዎችን በሚፈነዳ ጋዝ መካከል እያስቀመጠ ፈተነ። ውጤቱም ለዛሬው አሠራር መሠረት ሆነ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሣጥን ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚተነፍስ ጋዝ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ጋዙ እንዳይገባ ከመልፋት ይልቅ፣ ገብቶ ሲፈነዳ ሣጥኑ ፍንዳታውን እንዲችልና በመገጣጠሚያው በኩል የሚወጣው ነበልባል በብረቱ ቀዝቅዞ እንዲጠፋ ማድረግ ይበጃል። ይህ የዴቪ ወንፊት በወፍራም ብረት ተተክቶ እንደገና መወለዱ ነው።

ብልጭታውን በተመለከተ መራራው ትምህርት የመጣው ከዌልስ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1913 በሴንጌኒዝ የከሰል ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 439 የማዕድን ሠራተኞችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ አለቁ። ለፍንዳታው ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ከተጠቀሱት አንዱ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ምልክት ለመስጠት የሚያገለግሉት የኤሌክትሪክ ደወሎች ብልጭታ ነው። ደወሎቹ የሚሠሩት በአነስተኛ ባትሪ ነበር፤ ያን ያህል ትንሽ ኃይል ጋዝ ያቀጣጥላል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የተካሄዱት ጥናቶች፣ ወሳኙ የባትሪው ቮልቴጅ ብቻ ሳይሆን በደወሉ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል መሆኑን አሳዩ። ኃይሉን ከማቀጣጠያ መጠን በታች አድርጎ የመንደፍ ስልት የተወለደው ከዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነበልባልና ብልጭታ መልስ አገኙ። ትኩስ ገጽስ? የባይሊንግ ሣጥን ከውስጥ የሚነሣውን ነበልባል ያቆማል፤ የሣጥኑ የውጭ ገጽ ግን ከውጭ ካለው ጋዝ ጋር ተነካክቶ ይኖራል። ሣጥኑ ራሱ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ውፍረቱ ምንም አይረዳም። በማዕድን ጉድጓድ ይህ ጥያቄ እምብዛም አላስጨነቀም፤ ጋዙ አንድ ነው፤ ሚቴን፤ የመቀጣጠያ ሙቀቱም ወደ 600 ዲግሪ ይጠጋል። ያን ያህል የሚሞቅ ሞተር ጋዙን ከማቀጣጠሉ በፊት ራሱ ተቃጥሎ ይቆማል።

ነገሩ የተለወጠው ኤሌክትሪክ ከማዕድን ወደ ኬሚካልና ወደ ነዳጅ ኢንዱስትሪ ሲሻገር ነው። እዚያ ጋዙ አንድ አይደለም። ቤንዚን አለ፣ ኢተር አለ፣ አሲቲሊን አለ፣ ካርቦን ዳይሰልፋይድ አለ። እያንዳንዱም የራሱ ጠባይ አለው። መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ትልቅ ስሕተት ሊሠሩ የሚችሉት እዚህ ላይ ነበር፤ አንዳንዶቹም ሠርተውታል። ስሕተቱ «አደገኛ ጋዝ በሁሉም መንገድ አደገኛ ነው» ብሎ ማሰብ ነው።

ሁለት ጋዞችን ላነጻጽር። ሃይድሮጅን በብልጭታ እጅግ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ የሚበቃው 0.02 ሚሊጁል ያህል ነው። ሚቴን ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ሆኖም በትኩስ ገጽ ረገድ ሃይድሮጅን የዋህ ነው ማለት ይቻላል፤ በዛሬው ሠንጠረዥ የመቀጣጠያ ሙቀቱ 560 ዲግሪ ነው። በሌላ ወገን በየላቦራቶሪያችን የምናውቀው ኢተር በብልጭታ ረገድ ከሃይድሮጅን ይሻላል፤ ነገር ግን ከ200 ዲግሪ በታች በሞቀ ገጽ ያለ አንዳች ብልጭታ ይያያዛል። እንግዲህ ሃይድሮጅንን የሚችል ሣጥን ለኢተር ላይበቃ ይችላል፤ ለኢተር የተመረጠው ቀዝቃዛ ሞተርም በሃይድሮጅን መካከል ነበልባል ሊያሳልፍ ይችላል። አንድ መለኪያ አይበቃም፤ ሁለት የማይተካኩ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ።

ይህን ልዩነት በሥርዓት ቀድመው የጻፉት ጀርመኖች ናቸው። በ1943 የወጣው የጀርመን ኤሌክትሮቴክኒክ ደንብ ጋዞችን በሁለት መንገድ ከፈላቸው፦ በአንድ በኩል ነበልባላቸው በጠባብ ክፍተት የማለፍ ችሎታው፣ በሌላ በኩል የመቀጣጠያ ሙቀታቸው። የሙቀት ምድቦቹ በመጀመሪያ በፊደል፣ ኋላም ከጂ1 እስከ ጂ5 በሚል ተሰየሙ።

በዩናይትድ ስቴትስ ታሪኩ ሌላ መንገድ ሄደ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ በ1930ዎቹ ጋዞችን ከኤ እስከ ዲ ባሉ ምድቦች ከፈለ፤ ምድቡ በዋናነት የሚያመለክተው የፍንዳታውን ኃይልና የነበልባሉን ማለፍ ነበር። የገጽ ሙቀት ወሰኑ ግን ለብቻው አልተቀመጠም፤ ከምድቡ ጋር ታስሮ ለብዙ ዘመን ኖረ። ለኤ፣ ለቢና ለዲ ምድቦች 280 ዲግሪ፣ ለሲ ምድብ ደግሞ 180 ዲግሪ ነበር። ሲ ለምን ተለየች? በዚያ ምድብ ውስጥ ኢተር ስላለ ነው፤ በዘመኑ ሠንጠረዥ የኢተር የመቀጣጠያ ሙቀት 180 ዲግሪ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በአንድ ፈሳሽ ምክንያት በምድቡ ያሉት ሌሎች ጋዞች ሁሉ፣ ኤቲሊን እንኳ ሳይቀር፣ ሳያስፈልጋቸው በጠባቡ ወሰን ታሰሩ። በዲ ምድብ ያለው ሄክሴን ደግሞ በተቃራኒው ተጎዳ፤ እሱ ወደ 230 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ገጽ ይያያዛል፣ ለምድቡ የተፈቀደው ግን 280 ነበር። ሁለት ባሕርያትን በአንድ ፊደል የማሰር ዋጋ ይህ ነው፤ አንዱን ያለ ጥፋቱ ያስራል፣ ሌላውን ሳይጠረጥር ይለቃል። አሜሪካውያኑ በ1971ቱ ደንብ የሙቀት መለያ ቁጥርን ለብቻው አወጡት።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሥራውን የያዘው፣ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሥር በ1948 የተቋቋመው 31ኛው የቴክኒክ ኮሚቴ ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ የመቀጣጠያ ሙቀት መለኪያ ዘዴውንና የገጽ ሙቀት ደረጃዎቹን አወጣ። ዛሬ የምናውቃቸው ስድስቱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፦ ቲ1 እስከ 450፣ ቲ2 እስከ 300፣ ቲ3 እስከ 200፣ ቲ4 እስከ 135፣ ቲ5 እስከ 100፣ ቲ6 እስከ 85 ዲግሪ። አኃዙ ሲያድግ የሚፈቀደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚስቱት ይህን ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ የመሣሪያው ከፍተኛ የገጽ ሙቀት ከጋዙ የመቀጣጠያ ሙቀት ማነስ አለበት። ለሃይድሮጅን ቲ1፣ ለኤታኖል ቲ2፣ ለቤንዚን ቲ3፣ ለኢተር ቲ4፣ ለካርቦን ዳይሰልፋይድ ቲ6 ይበቃል። አምራቹም ወሰኑን እስከ ጫፉ እንዳይነካ፣ በናሙና ሲፈተን ለላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች 10፣ ለቀሩት 5 ዲግሪ መጠባበቂያ ይተዋል።

አሁን እንደ ታሪክ ተማሪ አንድ የማይመች ጥያቄ ማንሣት አለብኝ። ይህ «የመቀጣጠያ ሙቀት» የምንለው ምንድን ነው? እንደ ውኃ መፍሊያ ነጥብ የነገሩ የራሱ ባሕርይ ነውን? አይደለም። ዓለም አቀፉ ዘዴ 200 ሚሊሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ በምድጃ ውስጥ አሙቆ፣ ጥቂት ፈሳሽ ጠብ አድርጎ፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ ነበልባል እስኪታይ እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የአሜሪካው ዘዴ 500 ሚሊሊትር ክብ ብልቃጥ ይጠቀማል፤ እስከ 10 ደቂቃም ይጠብቃል። ብልቃጡ በሰፋ ቁጥር ጋዙ የሚያመነጨውን ሙቀት ይዞ ለመቆየት ይመቸዋል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ይያያዛል። ለዚህ ነው የኢተር ቁጥር በተለያዩ ሠንጠረዦች ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ተበታትኖ የሚገኘው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ቀደም ሲል ከ100 ዲግሪ በጥቂቱ በላይ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ኋላ ወደ 90 ዲግሪ ወርዷል። ፈሳሹ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ አጠያየቅ ነው።

ቁጥሩ ከሙከራ ሥርዓት የተወለደ ስምምነት ነው ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ብልቃጡ ጋዙን ከየአቅጣጫው ከብቦ የሚያሞቅ ወጥመድ ስለሆነ፣ በክፍት ቦታ ያለ ትንሽ ትኩስ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ካልሞቀ አያቀጣጥልም። ደንብ አውጪዎቹ ይህን አውቀው፣ የቲ4 መሣሪያ ውስጥ ያለ ከ20 ካሬ ሚሊሜትር ያነሰ ጥቃቅን አካል እስከ 275 ዲግሪ እንዲሞቅ ይፈቅዳሉ። ደንብ ሲጠብቅም ሲላላም ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

ሌላው የሚደጋገም ስሕተት ፍላሽ ፖይንትን ከመቀጣጠያ ሙቀት ጋር ማምታታት ነው። ፍላሽ ፖይንት ፈሳሹ በእሳት ጫፍ ሲነካ የሚያያዝ በቂ ተን የሚሰጥበት ሙቀት ነው፤ የመቀጣጠያ ሙቀት ደግሞ ተኑ ያለ እሳት ጫፍ በትኩሳት ብቻ የሚያያዝበት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ቅዝቃዜም ተን ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቂ ተን አይሰጥም። ስለዚህ ናፍጣ በአብዛኛው ደህና ነው እንላለን። በትኩስ ገጽ ፊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ናፍጣ ከቤንዚን ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። በጋለ የሞተር ጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ናፍጣን የሚንቅ ሰው አንዱን ቁጥር አንብቦ ሌላውን ረስቷል።

ስለ ጋዝ ይህን ያህል ካልሁ፣ አቧራን ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። መጋቢት 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሳይ በኩሪየር የከሰል ጉድጓድ 1,099 ሰዎች ሲያልቁ፣ እሳቱን ከዋሻ ወደ ዋሻ ያዳረሰው የከሰል አቧራ ነው። ዛሬ በማዕድን ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለሚቴን ሲባል እስከ 450 ዲግሪ ሊሞቅ ሲፈቀድለት፣ የከሰል አቧራ ሊከመርበት የሚችል ከሆነ ግን ወሰኑ 150 ዲግሪ የሆነው ለዚህ ነው። አቧራ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ራሱ ይቀጣጠላል፣ እንደ ጋቢ ተከምሮም ሞተሩ ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያፍነዋል።

ከሰል የለንም የሚል ካለ፣ ስኳር አለን። የካቲት 7 ቀን 2008 በዩናይትድ ስቴትስ፣ በጆርጂያ ግዛት ፖርት ዌንትዎርዝ በሚገኘው የኢምፔሪያል ስኳር ማጣሪያ በደረሰ ፍንዳታ 14 ሠራተኞች ሞቱ። የአገሪቱ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ እንደደረሰበት፣ ከስኳር ጎተራዎቹ ሥር ያለው ኮንቬየር ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት ንጽሕናን ለመጠበቅ በብረት ክዳን ተሸፍኖ ነበር፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ የስኳር አቧራ ተከማቸ። ለመጀመሪያው ፍንዳታ ሊሆን የሚችለው መነሻ ከመጠን በላይ የሞቀ ኩሽኔታ ነው። ነበልባል አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም አልተጠቀሰም። አንድ የሚሽከረከር ብረት ዘይቱ ጎድሎበት ወይም አርጅቶ በዝምታ ሞቀ። ዴቪ በብረት ዘንግ የጠየቀው ጥያቄ ከ190 ዓመታት በላይ ቆይቶ በዚያ ማጣሪያ ተመልሶ መጣ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በፊንጫና በመተሐራ ስኳርም ኤታኖልም ይመረታል፤ የዱቄት ወፍጮዎቻችን፣ የቀለም ፋብሪካዎቻችን፣ የነዳጅ ዴፖዎቻችን ሁሉ የዚህ ታሪክ ወራሾች ናቸው። ነገር ግን ደንቦቹ የተጻፉት በሌላ ምድር አየር ላይ ነው። ሰሌዳው ካልተናገረ በቀር የሚታሰበው ከፍተኛ የአየር ሙቀት 40 ዲግሪ መሆኑን ተናግሬአለሁ። በአፋር ቆላ ይህ ወሰን በበጋ ቀን ያለ ጭንቅ ይታለፋል። በ40 ዲግሪ አየር 195 ዲግሪ የሚደርስ የቲ3 ሞተር፣ በ48 ዲግሪ አየር ከ200 ቢያልፍ ማንንም ሊያስገርም አይገባም።

ደጋውም ከጥያቄው አያመልጥም። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚጸናበትን አየር ሲወስን ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል፣ የኦክስጅን መጠኑ 21 በመቶ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለምትጠጋ የአየር ግፊቷ ከ76 እስከ 77 ኪሎፓስካል ነው። ይህ አዳራሽ ራሱ፣ እኔና እናንተ የምንተነፍሰው አየር፣ ከደንቡ ወሰን ውጭ ነው ማለት ነው። ስስ አየር ለፍንዳታ የሚያቀርበው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ በአንድ በኩል ይረዳናል። በሌላ በኩል ግን ስስ አየር ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የሞተሮች ደንብ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ጭነቱ እንዲቀነስ ወይም ሙቀቱ እንዲታሰብ የሚያዘው ለዚህ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች በእያንዳንዱ ተራራማ ከተማ እንዴት እንደሚመዛዘኑ አምራቹ በባሕር ጠረፍ ሆኖ አይነግረንም። ማስላትና መጠየቅ፣ በግዢ ውል ላይም ከፍታውንና ሙቀቱን መጻፍ የእኛ ግዴታ ነው። ዛሬ እዚህ ለተቀመጣችሁት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ከዚህ የተሻለ በደጃችሁ ያለ የምርምር ርእስ አላውቅም።

በመጨረሻም ወደዚያ ግራጫ ሞተር እመለሳለሁ። ሞተሩ ደኅንነቱ የተጨመረ ከሚባለው ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነት ጋዙ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ስለሚታሰብ፣ የሙቀት ወሰኑ ለውጭ ገጹ ብቻ ሳይሆን ለውስጡ ጥቅልና ለሮተሩም ይሠራል። ሞተሩ ተነክሶ መሽከርከር ቢያቅተው፣ ሮተሩ ወደ ወሰኑ ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይበቁታል፤ መከላከያ ማብሪያውም በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ መቁረጥ አለበት። እነዚያ ሴኮንዶች ስንት እንደሆኑ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ወርክሾፑ ሽቦውን ሲለውጥ ውፍረቱን ጠብቆ እንደሆነ፣ የዙሮቹን ቁጥር አክብሮ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቃል ኪዳኑን የገባው አምራቹ ነው፤ ሞተሩን በአዲስ ሽቦ የጠመጠመው ሌላ ሰው ነው፤ የፈረምሁት ግን እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ቲ3 የሚለው ምልክት ባለቤት አልነበረውም።

ጋሼ ያሉኝን ዛሬ አልነቅፍም፤ ማንም አላስተማራቸውም ነበር። እኔ ግን ተምሬ ነበር፤ ስንት ቮልት ነው ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ስንት ዲግሪ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ከፌሊንግ ጉድጓድ እስከ ፖርት ዌንትዎርዝ ያለው መንገድ፣ ሰዎች የሚታየውን እሳት ከማይታየው ትኩሳት ለመለየት የከፈሉት ዋጋ ታሪክ ነው። የዚህ ፋኩልቲ ምሩቅ ሆናችሁ ወደ ፋብሪካ ስትገቡ፣ ሞተሩ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት በሰሌዳው ላይ ያለውን ቀለም ፋቁ፤ የአየሩን ሙቀት ለኩ፤ ሞተሩን ማን እንደጠመጠመው ጠይቁ። ጥያቄው ሳይጠየቅ የሚታለፍበት ክፍል ሁሌም እንደ እኔ ዕድለኛ አይሆንም።